ጉርሻ ከልካይዋ

እኔ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ልደታ፣ ከፍርድ ቤቶቹ ጀርባ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች ክሊኒክ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በአንዲት መስኮት ብቅ እያልኩ የሰው ስም ስጽፍ ኖሬአለሁ። ስሜ ኮከቤ ነው። ስለ ራሴ ይኼው ይበቃል። መጻፍ የፈለግሁት ስለ ቤርሳቤህ ነው፤ እሷ ስለ ራሷ እንደማትናገር ስለማውቅ።

ቤርሳቤህ በሱፍቃድ የክሊኒካችን ፊዚዮቴራፒስት ናት። ስትሮክ የጣለውን፣ ወገቡ የተያዘውን፣ ትከሻው አልታዘዝ ያለውን ሰው ሁሉ ካርዱን አውጥቼ ወደ እሷ ክፍል እልካለሁ። ሕንፃው ሊፍት አለው ይባላል፤ እኔ ሲሠራ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። እግሩ የማይታዘዝ ሰው የሚታከምበትን ክፍል ፎቅ ላይ ያደረገ ሰው ምን እያሰበ እንደነበረ እሱ ይወቀው። ቤርሳቤህን ግን አይከፋትም። ሃያ አራቱን ደረጃ ወጥቶ የደረሰ ሰው የዕለቱን ሕክምና ግማሽ ጨርሷል ትላለች።

ተወልዳ ያደገችው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በታች ነው። አባቷ ጋሽ በሱፍቃድ ቁልፍ ቀራጭ ነበሩ። ከአስፋልቱ ዳር፣ ሁለት ሰው በማታስቀምጥ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሰፈሩን ቁልፍ ቀርጸዋል። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፊዚዮቴራፒ ሲደርሳት ነገሩ ምን እንደሆነ አላወቁም። ቢጠይቋት ሰው እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ነው አለቻቸው። ትንሽ አሰቡና «ወጌሻ በይኛ» አሉ። ከዚያ በኋላ ቁልፍ ሊያስቀርጽ የመጣ ሁሉ ሳይጠይቅ ይነገረው ነበር፤ ልጄ የተማረች ወጌሻ ናት፣ ወገብህን ካመመህ ንገረኝ።

ሰው ፊዚዮቴራፒ ማሸት ብቻ ይመስለዋል። ቅባቱን በፌስታል ይዞ የሚመጣ አለ። አልጋው ላይ በሆዱ ተደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚጠብቅም አለ። ቤርሳቤህ ታስነሣዋለች። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ወገቡ ተይዞ፣ በሁለት ሰው ተደግፎ መጥቶ እሽኝ ቢላት፣ ወንበር አመጣችና ሠላሳ ጊዜ አስነሥታ አስቀመጠችው። እኔን ጭምር እየሰደበ ወጣ። በአራተኛው ሳምንት ደረጃውን ብቻውን ወጥቶ፣ ከሜክሲኮ ጀምሮ አንድም ጊዜ ሳያመኝ ነዳሁ ብሎ ነገረኝ። አንዲት እናት ደግሞ ክንዳቸው ከትከሻ በላይ አልወጣ ብሎ ነጠላቸውን ማጣፋት አቅቷቸው መጡ። ጣታቸውን ግድግዳው ላይ ወደ ላይ እያስኬደች፣ የደረሱበትን በእርሳስ እያሰመረች፣ ከሁለት ወር በኋላ ነጠላቸውን ራሳቸው አጣፍተው ወጡ። ደስታቸውን ያሳዩት ለእኔ ነው። እሷማ መስመሩን አይታ «ሁለት ጣት ይቀርዎታል» ብላ ነው የሸኘቻቸው።

ስትሮክ ለመታው ሰው የምትለው አንድ ነገር አላት። በየቀኑ ስለምሰማው በቃሌ ይዤዋለሁ። እጅዎ አልሞተም፤ ከጭንቅላት ወደ እጅ የሚወስደው መንገድ ነው የተበላሸው፤ አዲስ መንገድ የሚወጣው ደግሞ በመመላለስ ብቻ ነው ትላለች። በቀን አሥር ጊዜ ትለዋለች። ድምጿ ከፍም ዝቅም አይልም።

ከሕጎቿ ሁሉ ሰው የሚጠላው አንዱን ነው። በእኛ አገር የታመመ ሰው ይጎርሳል። በቀኝ ጎኑ ስትሮክ የመታው ሰው ደግሞ ሌላ ምርጫ የለውም። ቀኝ እጁ አይታዘዝም፤ በግራ መብላት ነውር ነው፣ ለሙስሊሙማ ከነውርም ያልፋል። ስለዚህ አፉን ይከፍታል። ሚስቱ ታጎርሰዋለች፣ ልጁ ታጎርሰዋለች፣ ሊጠይቅ የመጣው ጎረቤት ሳይቀር እጁን ታጥቦ ያጎርሰዋል። ሁሉም ከፍቅር ነው፤ እኔም ብሆን አደርገዋለሁ። ቤርሳቤህ ግን የታመመው እጅ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሳይታዘዝ የሚመጣለት ትልቁ ሥራ መብላት ነው ትላለች። ያንን ከነጠቁት ጭን ላይ ተጋድሞ ይውላል፤ ውሎ አድሮም መጨበጥ ይጀምራል። እናም በመጀመሪያው ቀን ቤተሰቡን ሰብስባ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሰው አፍ ውስጥ የማንም እጅ አይገባም ትላለች። ስሟ አልያዝ ያላቸው ሰዎች መስኮቴ ላይ መጥተው «ያቺ ጉርሻ ከልካይዋ አለች?» ይሉኛል።

ልብ የላትም ይሏታል። እኔም ለብዙ ጊዜ ብያለሁ።

አባቷ ከሞቱ አምስት ዓመት ሆነ። እሳቸውንም የጣላቸው ስትሮክ ነው። ስምንት ወር ተኝተው ሞቱ። ለቅሶ ስንደርስ ቤርሳቤህ ለሰዉ ወንበር ታቀርብ ነበር፤ ዓይኗ ደረቅ ነበር። በሳምንቱ ሥራ ገባች። ከዚያ ወዲህ ደንዝዛለች፤ ሌላ ቃል የለኝም። አትቆጣም፣ አትስቅም፣ ዝናብ መጣ ስትባል መስኮት ትዘጋለች። ታማሚዎቿን እጃቸውን በጥጥ እየነካካች «ይሰማዎታል?» ስትል በግድግዳው በኩል እሰማታለሁ። አንዳንድ ቀን ያንን ጥጥ ተቀብዬ እሷን ብነካት እላለሁ።

ደግሞ ተቀይሜአት ነበር። በዓል ሲሆን የክሊኒኩ ሠራተኛ አንድ ላይ ይበላል። አባቷ ከሞቱ በኋላ በመጣው ፋሲካ ጠቅልዬ ወደ አፏ ስወስድ ፊቷን አዞረች። ሆዴን አሞኛል አለች። በዓመቱም ሆዷን ነበር። ጉርሻ የሚመልስ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል፤ ሆዷ ደህና መሆኑን ስለማውቅ ቂም ያዝኩ። ምሳዋንም ከዚያ ወዲህ የምትበላው ብቻዋን ነው፤ ምሳ ዕቃዋን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጣ፣ ቆማ፣ ወደ ፍርድ ቤቶቹ እያየች።

ጋሽ መሐሙድ የመጡት ባለፈው መስከረም መጨረሻ ነው። የመጋረጃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ቤታቸው ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ነሐሴ ላይ ሱቃቸው ውስጥ ጨርቅ ሲለኩ ሜትሩ ከእጃቸው ወደቀ፤ ሊያነሡ ጎንበስ እንዳሉ እሳቸውም ወደቁ። እግራቸው ከሆስፒታል ሲወጡ ትንሽ ትንሽ ይራመድ ነበር። ቀኝ እጃቸው ግን ሙሉ በሙሉ ወድቋል። ሚስታቸው ወይዘሮ ዙሃራ በአንድ በኩል፣ ልጃቸው ነጅማ በሌላ በኩል ደግፈዋቸው ሃያ አራቱን ደረጃ በግማሽ ሰዓት ወጡ። እላይ እንደ ደረሱ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ሙቀጫ ፎቅ ሲያወጡትም እንዲህ አይከብድ አሉ። ቀልደኛ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን የሳቀላቸው ግን አልነበረም።

ቤርሳቤህ ታማሚን ሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው ጥያቄ አለ። በዚህ እጅ መጀመሪያ ምን ማድረግ ይፈልጋሉ? ሁሉም መዳን ይላል። መዳን ሥራ አይደለም፣ ሥራ ይንገሩኝ ትላለች። የተነገራትን ካርዱ ራስጌ ላይ ትጽፋለች። ካርዱን የማስቀምጠው እኔ ስለሆንኩ አነበዋለሁ። ፀጉሬን ለመሥራት የሚል አለ፣ ለመስገድ የሚል አለ፣ አንዱ ደግሞ ጎረቤቴን ለመምታት ብሎ አስጽፏል።

ጋሽ መሐሙድም ነገሯት። ታኅሣሥ መጨረሻ የነጅማ ኒካህ ነው። ኒካህ ሲታሰር የልጅቷ አባትና ሙሽራው ቀኝ እጅ ለቀኝ እጅ ይያያዛሉ፤ ቃሉ የሚባለው እጆቹ እንደተያያዙ ነው። ታላቅ ወንድማቸው ውክልና ስጠኝና እኔ ልያዝለት ብለዋል። ይቻላል፣ ነውርም የለውም።

«ሙቼ ቢሆን እሺ» አሉ ጋሽ መሐሙድ። «በሕይወት ቁጭ ብዬ ልጄን ሌላ ሰው አይሰጣትም።»

ቤርሳቤህ ካርዱ ላይ «የሙሽራውን እጅ ለመያዝ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ጭራሽ ያልጠየቋትን ነገረቻቸው። መጨበጡ ቶሎ ይመጣል፤ እንዲህ ያለ እጅ መጨበጥ አይቸግረውም፤ የሚያስቸግረን መልቀቁ ነው አለች። ጋሽ መሐሙድም ለመልቀቁ እንኳ ሙሽራው ይታገላል ብለው መለሱ። ነጅማ አቀርቅራ ከንፈሯን ነከሰች።

የጉርሻው ሕግ ሲነገር ወይዘሮ ዙሃራ አልተቃወሙም። ዝም ብለው መሬት መሬት አዩ። እንዲህ ዝም የሚል ሰው በሆዱ ምን እንደሚል እኔ ከመስኮቴ ሆኜ አውቃለሁ።

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ምሳቸውን በምሳ ዕቃ ይዘው ይመጣሉ። ቤርሳቤህ ለምሳ ሰዓት ታማሚ የምትቀጥር ሰው ናት፤ እጅ የሚሠራው ሆድ ሲርበው ነው ባይ ናት። ጋሽ መሐሙድን ጠረጴዛ ፊት ታስቀምጣለች። መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስዘርግታ የሰውነታቸውን ክብደት እንዲጥሉበት ታደርጋለች፤ እንዲያ ሲሆን ጣት ይላላል። ቀጥሎ እንጀራ መቁረስ። ቀጥሎ መጠቅለል። ቀጥሎ ክንድን ወደ አፍ ማንሣት፤ እዚህ ላይ ትከሻ ልሥራልህ ብሎ ስለሚሰቀል «ትከሻዎን አይስቀሉ» ትላለች። በመጨረሻም አፍ ጋ ሲደርስ ጣትን መክፈት። እሷ አትነካቸውም። ፎጣ ደረታቸው ላይ ታደርግና ቆማ ታያለች። ቤተሰብ በር ላይ ይጠብቃል።

የመጀመሪያው ቀን ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጅተው አንድ ጉርሻ አልገባላቸውም። ሽሮው አገጫቸው ላይ፣ ሸሚዛቸው ላይ፣ ጫማቸው ላይ ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ወይዘሮ ዙሃራ አዩ። እኔ መስኮት ጋ መጥተው ነጠላዬን ይዘው አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ቤርሳቤህንም በልቤ ሰደብኳት። እሷ በዚያ ሰዓት ካርዱ ላይ «ቆረሰ፤ ጠቀለለ፤ አልለቀቀም» ብላ እየጻፈች ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሦስት ጉርሻ ገባላቸው። በአምስተኛው ሳምንት ከሩብ እንጀራ በላይ በሉ። ከዚያ ኅዳር ገባና እጁ ቆመ። ከሩብ እንጀራ አላልፍ አለ፤ እንዲያውም ጣታቸው ጠዋት ጠዋት ተጨብጦ መምጣት ጀመረ። ኒካሁ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ወንድምየው ጉዳዩን እኔ ልያዘው ማለታቸውን አላቆሙም፤ ጋሽ መሐሙድም መቀለዱን ተዉ።

አንድ ረቡዕ የማስፈርማት ወረቀት ይዤ ክፍሏ ገባሁ። ቤርሳቤህ የጋሽ መሐሙድን ቀኝ እጅ ወደ ብርሃኑ ወስዳ ጥፍር ጥፍራቸውን ታያለች። አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችም። ትናንት ራት ምን እንደበሉ ጠየቀቻቸው። የድንች አልጫ አሉ። ከትናንት ወዲያስ? ያን ቀንም አልጫ አሉ፤ እንግዳ ነበረብን። ወይዘሮ ዙሃራን ከበሩ ላይ ጠራቻቸውና እጅዎን ያሳዩኝ አለች። ወይዘሮ ዙሃራ ምንም ሳይጠረጥሩ ዘረጉ።

«የእርስዎ ጥፍር ቢጫ ነው» አለች ቤርሳቤህ። «የእሳቸው ነጭ ነው።»

የአልጫ እርድ በሳሙና እንደማይለቅ ወጥ የሠራች ሴት ሁሉ ታውቃለች። ወይዘሮ ዙሃራ እጃቸውን ሰበሰቡ። ጋሽ መሐሙድ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ወይዘሮ ዙሃራ አልካዱም። ለኒካሁ ዘመድ ከስልጤ መምጣት ጀምሯል፤ ቤቱ በየቀኑ እንግዳ አያጣም። ጋሽ መሐሙድ በሰው ፊት ሲንጠባጠብባቸው አፍረው፣ ርቧቸው ይነሡ ጀመር። ሚስትየው አንድ ቀን አጎረሷቸው፣ ከዚያ ልማድ ሆኖ ቀረ። ይህንን ሁሉ ከተናገሩ በኋላ ግን ንዴታቸው መጣ።

«አርባ ዓመት አብሬው የበላሁትን ሰው ተርቦ ሲነሣ ቁጭ ብዬ ልይ?» አሉ። «አንቺ ታክሚያለሽ እንጂ አስታመሽ አታውቂም።»

እኔ ወረቀቴን ይዤ ልውጣ አልኩ፤ ግን አልወጣሁም። ቤርሳቤህ የጋሽ መሐሙድን እጅ በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አስታምሜአለሁ» አለች። «አባቴን ስምንት ወር አስታምሜአለሁ። ቀን እዚህ አታጉርሱ እያልኩ እውልና፣ ማታ ቤት ገብቼ እጄን ታጥቤ አጎርሳቸው ነበር። አንቺ ስታጎርሺኝ ነው የሚጥመኝ ይሉኛል። አንድ ቀን እንኳ ራስዎ ይብሉ አላልኳቸውም። እጃቸው ተጨብጦ ቀረ። የሞቱ ዕለት ሲገንዟቸው ጣታቸው አልዘረጋ ብሎ ጠሩኝ፣ አንቺ ባለሙያ ነሽ ብለው። ብዙ ሞከርኩ። አልተከፈተም። እንደ ጨበጡ ተቀበሩ።»

ይህንን የተናገረችው የቀጠሮ ቀን በምትናገርበት ድምፅ ነው። ፋሲካ ላይ ያዞረችብኝ ፊት ያን ጊዜ ገባኝ። አምስት ዓመት የያዝኩትን ቂም እዚያው ክፍሉ ውስጥ ተውኩት፤ አፈርኩም። እሷ ግን የምትናገረውን ጨርሳ ፎጣውን ታጥፍ ነበር።

ወይዘሮ ዙሃራ የሰበሰቡትን እጅ መልሰው ዘረጉ። ኋላ ቢጫ ጥፍራቸውን እያዩ «ታዲያ እኔ እጄን ምን ላድርገው?» አሉ።

«አብረዋቸው ይብሉበት» አለች። «ቀስ ብለው ይብሉ። እሳቸው ሳይጠግቡ አይነሡ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ወይዘሮ ዙሃራ ከቤርሳቤህ ባሱ። ነጅማ እንደነገረችኝ ሰንጋ ተራ ያለው ቤታቸው ጠያቂ ሲገባ በሩ ላይ ይነገረዋል፤ ማጎረስ የለም፣ ሲንጠባጠብ ማየት የማይችል ሻዩን ጠጥቶ ይሂድ። ወንድምየው አንድ ቀን ረስተው ጠቅልለው ቢያነሡ፣ ወይዘሮ ዙሃራ ክንዳቸውን ይዘው ራሳቸውን አጎረሷቸው አሉ። ምሳ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ወይዘሮ ዙሃራ እያንዳንዷን ጉርሻ ከጣት በምታንስ ቁራሽ እየበሉ፣ ባላቸው እስኪጨርሱ ይጠብቃሉ። በቀጣዩ ሳምንት ቤርሳቤህ የጋሽ መሐሙድን እጅ ስታይ በጥፍራቸው ሥር ቢጫ ነበረ። ምንም አላለችም። ካርዱ ላይ «እርድ አለ» ብላ ጻፈች፤ ወደፊት ካርዱን የሚያነብ ሐኪም ምን እንደሚመስለው አላውቅም።

መልቀቁ ግን እስከ መጨረሻው አስቸገረ። የላስቲክ ጠርሙስ አስይዛ ይልቀቁ ስትላቸው ጣታቸው በግድ፣ አንድ በአንድ ነበር የሚነሣው። በችኮላ ሲታገሉት የባሰ ይጨብጣል። አይታገሉት፣ ይጠብቁት ትላለች። እሷም አብራ ትጠብቃለች። ከኒካሁ በፊት ባለው ዓርብ እጇን ሰጥታ እንዲጨብጧት አደረገች፤ ለመልቀቅ ሁለት ደቂቃ ፈጀባቸው። ጋሽ መሐሙድ ይህ እጅ በሰው ፊት ያዋርደኛል አሉ። ይልቀቅም አይልቀቅም መያዙን ይይዛል፣ ያስጻፉኝ እሱን ነው አለቻቸው።

ኒካሁ እሑድ ነበር። በማግስቱ ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ጋሽ መሐሙድና ወይዘሮ ዙሃራ እንደወትሮው መጡ። ደረጃውን በአምስት ደቂቃ ወጡት። ወይዘሮ ዙሃራ መስኮቴ ጋ ሳይቆሙ እጄን ይዘው ወደ ክፍሉ አስገቡኝና በስልክ የተቀረጸውን ከፈቱ።

ጋሽ መሐሙድ ነጭ ለብሰዋል። ሙሽራው ሙስአብ ረጅም ልጅ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ቀኝ እጁን ሰጠ፣ ጋሽ መሐሙድ ያዙት። ሼኹ ቃሉን አሉ፣ እሳቸው ደገሙ፣ ሙሽራው ተቀበለ፣ ዱዓ ተደረገ። ሰው ሁሉ አሚን ብሎ እጁን ፊቱ ላይ አሳረፈ፤ የሁለቱ እጅ ግን እንደተያያዘ ነው። ሙሽራው ያያል፣ ሼኹ ያያሉ። ጋሽ መሐሙድ ወደ ሙሽራው ጠጋ ብለው አንድ ነገር ሲሉ ይታያል። ምን አሉት ብዬ ብጠይቅ «ታገሥ ልጄ፣ ይለቃል አልኩት» አሉ። ሰዉ አባት ልጁን መስጠት አቃተው ብሎ ያለቅስ ጀመር። እሳቸውም ውሸት አልነበረም አሉን። ከዚያ ጣታቸው አንድ በአንድ ተነሣ።

ቤርሳቤህ እስከ መጨረሻው አየች። ትከሻዎ ጥሩ ነው ብላ ስልኩን መለሰች።

ወይዘሮ ዙሃራ ምሳውን ጠረጴዛው ላይ አወጡ። ለክርስቲያን እንግዶች ተብሎ በተለየ ድስት ከተሠራው ነው ያመጡት፤ ጾም መሆኑንም አልረሱም፣ ሽሮና ጎመን ነበር። ለእኔ ወንበር ሳቡልኝ። ቤርሳቤህ እንደልማዷ ምሳ ዕቃዋን ይዛ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ጋሽ መሐሙድ እንጀራ ቆረሱ፣ ጠቀለሉ። ወደ አፋቸው ግን አልወሰዱትም። ወደ እሷ ዘረጉት።

«በሞቴ» አሉ።

አየችኝ። እኔ ወዴት ልይ፣ ሽሮው ላይ አፈጠጥኩ። ሆዴን አሞኛል እንዳትል ፈርቼ ነበር። ክንዳቸው አየር ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያንን ክንድ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት፤ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይም ታውቃለች። ምሳ ዕቃዋን አስቀመጠች፣ መጥታ ወንበር ላይ ተቀመጠችና አፏን ከፈተች።

ጉርሻው ገባ። ጣታቸው ግን አልለቀቀም። የጋሽ መሐሙድ እጅ ከንፈሯ ላይ እንደተጣበቀ ቀረ፤ ግንባራቸውን አላባቸው። ሽሮው በአገጯ ወርዶ ነጩ ጋውኗ ላይ ተንጠባጠበ። የወይዘሮ ዙሃራ እጅ ሊያግዝ ተነሣ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ደርሶ ተመለሰና ከጭናቸው ሥር ገባ። ቤርሳቤህ እጃቸውን አልነካችም። አፏን እንደከፈተች ጠበቀች። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ ጉርሻ አላየሁም። በመጨረሻ አውራ ጣታቸው ተነሣ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ።

አላመጠች። ብዙ አላመጠች። ጋሽ መሐሙድ ወዲያው ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመሩ። ድካሙ ይታይባቸዋል፤ እንጀራው ሁለት ጊዜ ከእጃቸው አመለጠ። ይቅርብዎ ልል ነበር። እሳቸው ግን አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ እኔ ከዚህች ልጅ ጋር አልጣላም አሉ።

እንባዋ የመጣው በሁለቱ መካከል ነው። ድምፅ አልነበረውም። አምስት ዓመት የጠበቅኩት ለቅሶ እንዲህ ጸጥ ያለ ይሆናል ብዬ አልገመትኩም። አልጠረገችውም፤ ሁለተኛው ጉርሻ ሲመጣ በዚያው ፊቷ አፏን ከፈተች። እኔም ከዚያ በላይ አልቻልኩም፣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አደረግሁ። ነጠላውን ሳወርድ የጋሽ መሐሙድ እጅ ተዘርግቶ ጠረጴዛው ላይ አርፎ ነበር።

ቤርሳቤህ ጉርሻውን ውጣ ስትጨርስ ፊቷን በጋውኗ እጅጌ ጠረገች። ካርዱን ሳበች። በዚያው በማይለወጠው ድምጿ ሁለተኛው ላይ ትከሻዎን ሰቅለዋል፣ ረቡዕ እንደግመዋለን አለቻቸው።

«ረቡዕ ማንን ላጉርስ?» አሉ ጋሽ መሐሙድ።

እየጻፈች ነበር። ቀና ሳትል «እኔን» አለች።